የአቶ ዘርኣጽዮን ጭብጨባ

በ1978 ዓ.ም. በጥር ወር፣ የኬንያ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተኑት አዲሱ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጋዜጣ በወጣ ሰሞን፣ ናይሮቢ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ፓርላማው ይከራከራል፤ ሻይ ቤቱ ይከራከራል፤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ የተሳፈረው ሁሉ ይከራከራል። እኔም አንድ ቀን ጠዋት ከፓርክላንድስ ወደ መሃል ከተማ በሚሄድ ማታቱ ስገባ፣ አቶ ዘርኣጽዮንን ከኋላ ወንበር ላይ ጋዜጣ ዘርግተው አገኘኋቸው።

አቶ ዘርኣጽዮን የከረን ሰው ናቸው። ጉልምስናቸውን አዲስ አበባ በመምህርነት፣ በኋላም በርእሰ መምህርነት ስላሳለፉ አማርኛቸው የጠራ ነው። በአብዮቱ ዘመን ከአገር ወጥተው ከልጃቸው ከጽገወይኒና ከልጅ ልጃቸው ከሉሊት ጋር ናይሮቢ ይኖራሉ። ጽገወይኒ አነስተኛ ምግብ ቤት አላት። ሉሊት በዚያ ወር ስምንተኛ ክፍል ገብታ ነበር።

«ባንታየሁ፣ ጉዳቸውን አየህ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «የሉሊት ትምህርት ቤት ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ነበር። ዛሬ ከመካከል በታች ፈልጌ አገኘሁት።»

«ፈተናው አዲስ ስለሆነ ይሆናል» አልኩ።

«አዲስ ሳይሆን የተዝረከረከ በለው! ድሮ እንግሊዝኛና ሒሳብ ጠንቅቆ ያወቀ ልጅ ያልፍ ነበር። አሁን እርሻ፣ ሙዚቃ፣ የቤት አያያዝ፣ ይባስ ብሎ ስዋሂሊ! የገበያ ቋንቋ ይፈትኑና ደረጃው ወደቀ ብለው ይጯጯኻሉ።»

ከፊታችን የተቀመጠች ወጣት ዘወር አለች። የጎረቤታችን የወይዘሮ ውዴ ልጅ ሠርክ ነበረች። በልጅነቷ ናይሮቢ መጥታ፣ እዚሁ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብታ፣ በሉሊት ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች።

«ጋሼ፣ ሳልጠራ ስለገባሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት አስቤ ነበር። የስዋሂሊው መምህር፣ ልጆቹ በቋንቋው ምዋሊሙ ሳሊም የሚሉት፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለደከሙ ልጆች በነጻ ያስተምራል። ሉሊት ለምንድን ነው ከእነሱ ጋር የማትማረው?»

«እኔ ነኝ የከለከልኳት። እዚህ የምንኖረው ለጊዜው ነው፤ ነገ አገራችን ስንገባ ስዋሂሊ ምን ይሠራላታል? በዚያ ሰዓት ቤቷ ገብታ ሒሳቧን ትሥራ።»

«ነገ እያልን እኮ እኔ ሕፃን መጥቼ አስተማሪ ሆንኩ፣ ጋሼ።»

አቶ ዘርኣጽዮን ሊመልሱ ሲሉ መውረጃችን ደረሰ። ክርክር መንገድ ላይ ጥለው የሚሄዱ ሰው ስላልነበሩ፣ «ከሥራ ስትወጡ ጽገወይኒ ቤት ኑ፤ ሻይ እየጠጣን እንጨርሰዋለን» ብለው ቀጠሩን።

ከሥራ በኋላ ሄድን። ሻዩ በወተት ፈልቶ መጣ። አቶ ዘርኣጽዮን ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ቀና ብለው ጀመሩ።

«ፈተና ወንፊት ነው። እኔ ርእሰ መምህር ሳለሁ ያልበቃ ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል አይዘዋወርም ነበር። ወላጅ ቢሮዬ መጥቶ ቢያለቅስም አልበገርም። ለዚያ ልጅ ዛሬ ካዘንኩለት፣ ነገ የማያውቅ ሐኪም አድርጌ ሕዝብ ላይ እለቀዋለሁ።»

«ያልበቃው ልጅ ምን ይሆን ነበር?» አለች ሠርክ።

«ይደግማላ።»

«ከደገሙት ብዙዎቹ ጨረሱ?»

አቶ ዘርኣጽዮን ሻያቸውን አማሰሉ። «አይ፣ ብዙዎቹ ቀሩ» አሉ።

እኚህን ሰው የምወድላቸው ይህንን ነው። ክርክር ለማሸነፍ ብለው እውነት አይደብቁም።

«ጋሼ፣ ደረጃው እንዲጠበቅ እኔም እፈልጋለሁ» አለች ሠርክ። «መደመር የማይችል ልጅ አልፎ ሲሄድ ማየት እኔንም ያመኛል። ነገር ግን የትምህርት ቤት ውጤት ከፍ የሚለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የደከመውን ልጅ ማስተማር ነው። ሁለተኛው የደከመውን ልጅ ከፈተናው ማስቀረት ነው። ጋዜጣው ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ሁለተኛው ግን ማንንም አያደክምም። በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ብዙ ሰው እሱን እንዳይመርጥ እፈራለሁ።»

«ቢመርጥስ? የበቁት ይፈተኑ።»

«ሉሊት ካልበቁት ብትሆንስ?»

«ሉሊት?» ብለው ሳቁ። «በሒሳብ ማን ይደርስባታል? አንቺው አይደለሽም ያስተማርሻት?»

ጽገወይኒ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር። «አባቴ፣ ሠርክ እውነቷን ነው» አለች። «ልጅቷ በስዋሂሊ ወድቃለች። እኔ ቋንቋውን ባላውቅ ይህች ቤት አንድ ሳምንት አትቆምም። አትክልቱን የምገዛው በስዋሂሊ ነው፤ የንግድ ፈቃዴን የማሳድሰው በስዋሂሊ ነው፤ ሲያማችሁ ሐኪም ቤት ወስጄ የምከራከርላችሁም በስዋሂሊ ነው።»

«የአንቺ ለሽንኩርት ነው፣ ልጄ። እሷ ለትልቅ ነገር ናት» አሏት።

ጽገወይኒ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ሠርክም ክርክሩን አልገፋችበትም፤ አመስግና ተነሣች። እንዳልተሳካላት ግን ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በቀጣዩ ቅዳሜ ወላጆችን ሰበሰበ፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችም ከወላጆቻቸው ጋር እንዲመጡ ታዘዙ። የእኔም ልጅ እዚያው አምስተኛ ክፍል ስለነበረች ሄድኩ። አርፍጄ ስለደረስኩ ከኋላ በኩል ከግድግዳው ሥር ቆምኩ። አቶ ዘርኣጽዮን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሉሊትን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ከመካከል ረድፍ ላይ ይታዩኛል።

ርእሰ መምህርቷ ውጤቱን አስረዱ። ቀጥሎ የአካባቢው የከተማ ምክር ቤት ተመራጭ ተነሥተው በስዋሂሊ መናገር ጀመሩ። ሰውየው የተናገሩት ክፋት አስበው ነው ለማለት አልደፍርም። ወላጅ ተቆጥቶ ነበር፤ እሳቸውም የተቆጣውን ወላጅ ድምፅ ይዘው ነው የቆሙት።

«ልጆቻችን ጥሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገቡት ይህ ትምህርት ቤት ስም ሲኖረው ነው» አሉ። «ስማችን የወረደው በምንድን ነው? በስዋሂሊ ነው። ስዋሂሊ የማያውቁት እነማን ናቸው? ዋጌኒ ናቸው፤ ከሌላ አገር የመጡት። ስለዚህ በሰባተኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና በስዋሂሊ የወደቀ ልጅ ዘንድሮ ለፈተና አይመዝገብ፤ ወደ ሰባተኛ ይመለስ። ስታንዳርዳችንን እንጠብቅ!»

«ስታንዳርድ» የሚለው ቃል ሲጠራ የአቶ ዘርኣጽዮን ፊት በራ። ከጠቅላላው ንግግር የገባቸው እሱ ብቻ ነበር። ሰው ሲያጨበጭብ እሳቸውም አጨበጨቡ፤ እንዲያውም ብድግ ብለው አጨበጨቡ። በዙሪያቸው ያሉት ሰዎች ዞረው ተመለከቷቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ እጄን ባውለበልብ የሚያየኝ አጣሁ።

ሉሊት የኮታቸውን እጅጌ ጎተተች። በኋላ እንደ ነገረችኝ እንዲህ ተባባሉ።

«አቦይ፣ አያጨብጭቡ።»

«ለምን? ሰውየው እኮ ቁም ነገር ነው የተናገረው።»

«የሚናገረው ስለ እኔ ነው። እንዳልፈተን ነው የሚለው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከኋላ የሚታየኝ ትከሻቸው ብቻ ነበር፤ ያ ቀጥ ያለ የመምህር ትከሻ ወደ ታች ሲወርድ አየሁት።

በዚህ ጊዜ ምዋሊሙ ሳሊም ከመምህራኑ መካከል ተነሣ። የሞምባሳ ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁን አይጨምርም። «ክቡር ተመራጭ፣ ዋጌኒ ብለው ጠሯቸው» አለ። «እኛ በባሕር ጠረፍ ያደግን ሰዎች ይህን ቃል ስንሰማ ወንበር ነው የምንፈልገው፤ ውኃ ነው የምናቀርበው።» እውነቱን ነው። ቃሉ ልክ እንደ እኛ «እንግዳ» ባዳውንም፣ በክብር የምንቀበለውንም ሰው ይጠራል። ምዋሊሙ ሳሊም ቀጠለ፦ «እነዚህ ልጆች ስዋሂሊ ካላወቁ የጎደለው የእኔ ሥራ ነው፤ ማስተማር የተቀጠርኩበት ነው። ልጆቹን አትቀንሱብኝ። ሰዓት ጨምሩልኝ።»

ሉሊት በአያቷ ጆሮ እያንሾካሾከች ተረጎመችላቸው። አቶ ዘርኣጽዮን እጃቸውን አወጡ። በእንግሊዝኛ ሲጀምሩ ግን ርእሰ መምህርቷ እዚህ ካሉት ወላጆች ብዙዎቹ እንግሊዝኛ እንደማይሰሙ በትሕትና አስታወሷቸው። ሠርክ ልትተረጉም ተነሣች።

«ተይ ልጄ» አሏት በአማርኛ። «ሉሊት ትተርጉምልኝ።»

ሉሊት ተነሥታ ከጎናቸው ቆመች። እሳቸው በአማርኛ እየተናገሩ፣ እሷ ከጎረቤትና ከጨዋታ ሜዳ በለቃቀመችው ስዋሂሊ ታሰማለች።

«ቅድም ቆሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ያጨበጨብኩት የተባለው ስላልገባኝ ነው። ይህች ልጅ ስዋሂሊ እንዳትማር የከለከልኳትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ወደ ሰባተኛ ክፍል የሚመለስ ሰው ካለ፣ እኔን መልሱኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ተመራጩም ሳቁ። አቶ ዘርኣጽዮን ግን አልሳቁም።

«ብዙ ዘመን አስተምሬአለሁ። ደረጃ የሚጠበቀው በር በመዝጋት ይመስለኝ ነበር። እኛ አገራችሁ ስንመጣ በር አልዘጋችሁብንም። ልጆቻችንን ከልጆቻችሁ ጎን አስቀመጣችሁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አመስግኜ አላውቅም፤ ቋንቋችሁን ንቄ በምን ላመሰግናችሁ እችላለሁ? አፈርኩ።»

ሉሊት እዚህ ላይ ቃሉ ጠፋባት። «አፈርኩ» የሚለውን ልትፈልግ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ፣ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ቃሉን አቀበሏት። ልጅቷ ደገመችው። ቀጥሎ የመጣው ጭብጨባ ከቅድሙ የተለየ ነበር።

ነገሩ ለድምፅ ሲቀርብ ልጆቹ ይፈተኑ የሚለው አመዘነ፤ ለምዋሊሙ ሳሊምም ሰዓት ተጨመረለት። ሕዝቡ ሲበተን ተመራጩ አቶ ዘርኣጽዮን ዘንድ መጡና በእንግሊዝኛ፣ «መምህር፣ የእኔ ልጅ በስዋሂሊ ጎበዝ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አይሆንለትም» አሏቸው።

«ከሰኞ ጀምሮ ይላኩልኝ» አሉ አቶ ዘርኣጽዮን።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ተከፈቱ። በአንደኛው ምዋሊሙ ሳሊም ስዋሂሊ፣ በሌላው አቶ ዘርኣጽዮን እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ሠርክና እኔ ጎራ ብንል፣ ሽማግሌው የራሳቸውን ክፍል ጨርሰው ከስዋሂሊው ክፍል በስተኋላ፣ ለልጅ በተሠራች ጠባብ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ጋሼ፣ አገራችን ነገ እንገባለን ብለው ነበር» አለች ሠርክ ፈገግ ብላ።

«እንገባለን» አሉ። «ስንገባ ግን እዚህ የኖርነውን ዘመን ባዶ እጃችንን ልናሳልፈው ነው? ስሚኝ ልጄ፣ አንቺ ስትነግሪኝ አልሰማሁሽም። አንድ ቋንቋ የተጨመረላት ልጅ በሒሳቧ አትደክምም፤ ይኸው ከድሮው የበለጠ ትጠይቃለች፣ ጓደኛ አፍርታለች፣ የምትፈራው ነገር ቀንሷል። ሰውን የሚያሳንሰው የሚናገረው ቋንቋ አይደለም፤ ጎረቤቱ የሚለውን አለመስማቱ ነው። ጽገወይኒንም ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ያቺ ልጅ በሽንኩርት ቋንቋዋ ስታኖረን ከርማለች።»

በዓመቱ ውጤት ወጣ። ሉሊት በሒሳብ እጅግ ከፍ ያለ፣ በስዋሂሊ ደግሞ መካከለኛ ውጤት አምጥታ ጥሩ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች። የተመራጩም ልጅ አለፈ። ትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ አልደረሰም፤ ካለፈው ዓመት ግን ተሻሻለ፤ ከፈተናውም ያስቀረው ልጅ አልነበረም።

ዛሬ ይህን የምጽፈው አመስጋኝ ሆኜ ነው። በሰው አገር ተሰድደን ልጆቻችንን የሚያስተምርልን፣ ሲወድቁም ጥፋቱን ወደ ራሱ የሚወስድ መምህር አገኘን። የልጅን ውጤት በቁጥር ብቻ የሚለካ ወላጅ ቢኖር፣ ቁጥሩ ከፍ ያለው ስንት ልጅ ተምሮ፣ ስንት ልጅስ ተገፍቶ እንደሆነ ይጠይቅ። ቋንቋ የሚማር ልጅ ለእናቱ ሐኪም ቤት አፍ ይሆናታል፤ ጎረቤቱን ወዳጅ ያደርጋል፤ በስብሰባ ላይ ስለ እሱ የሚባለውን ሰምቶ መልስ ይሰጣል።

ሉሊት ከተፈተነች በኋላ በመጣው ጥር አንድ ከኡጋንዳ የተሰደደ ቤተሰብ ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ወደዚያው ትምህርት ቤት መጣ። አባትየው የሚያነጋግረው አጥቶ ከተዘጋው ቢሮ ደጃፍ ቆሞ ሳለ፣ አቶ ዘርኣጽዮን በዚያ ሲያልፉ አይተው በስዋሂሊ አነጋገሩት። ስዋሂሊያቸው ገና የተሰባበረ ነበር፤ ግን ገባው። ከሁለቱ ልጆች አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ እጃቸው ይዘው ወደ ምዋሊሙ ሳሊም ክፍል ወሰዷቸው፤ አባትየውም ከኋላቸው ተከተላቸው።