የጥርስ መሙያ ፈታኟ የእህታችን ሕይወት

የተከበራችሁ ሸኚዎች፣ ቆማችሁ ያላችሁ ክፍት ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ፤ ታላቅ እህታችን የተቆራረጠ ነገር አይወዱም ነበርና የሕይወታቸው ታሪክም ተቆራርጦ አይነበብም። እሳቸው ራሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ «ስሞት ለቀባሪ ደስ እንዲለው ብላችሁ ቅቤ አንጓች እንዳትሆኑብኝ» እያሉ ደጋግመው ስላስጠነቀቁን፣ ቤተሰቡ ቃላቸውን አክብሮ እንደኖሩት አድርጎ ጽፎታል። ጽሑፉን እኛ እናንብበው ብለው ከሥራ ቦታቸው የመጡ ነበሩ፤ ቤተሰቡ አመስግኖ መልሷቸዋል። ለምን እንደመለሳቸውም ሲነበብ ይገባቸዋል።

እህታችን ከጫማ ሠሪው አባታችንና በልብስ ስፌት ይተዳደሩ ከነበሩት እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። የአባታችን የሥራ ቦታ መንገድ ዳር ያለች፣ ሙጫ ሙጫ የምትሸት ጠባብ ክፍል ነበረች። ዝናብ በዘነበ ማግስት ከሌላ ቦታ የገዛውን፣ ሶሉ ተላቆ አፉን የከፈተ ጫማ አንጠልጥሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ነበርና፣ አባታችን ጫማውን እያገላበጡ «ይሄ ሙጫ አይደለም፣ ምራቅ ነው» ሲሉ እህታችን ከጎናቸው ሆነው እየሰሙ አደጉ። ንቀትን የተማሩት እዚያ ነው። ሆኖም ማንንም በድህነቱ ወይም በመልኩ ንቀው አያውቁም፤ የሚንቁት ሳይፈተን «ይበቃል» የተባለን ነገርና «ይበቃል» ባዩን ሰው ነበር።

በትምህርታቸው ከክፍል አንደኛ እየወጡ፣ ያስተማሯቸውንም በጥያቄ እያስመረሩ ቆይተው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ገቡ። የዕድሜ እኩዮቻቸው ነጭ ካፖርት ለብሰው ክሊኒክ የሚከፍቱበትን ቀን ሲናፍቁ፣ እሳቸው ግን በሕንጻው ምድር ቤት ወዳለው ቤተ ሙከራ ወርደው ቀሩ። «የሞተ ጥርስ አስታማሚ» የሚል ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ዛሬ ያ ቤተ ሙከራ ባጠራው ዕቃ ጥርስ እየሞሉ ይኖራሉ።

ሥራቸው ምን እንደነበር የማታውቁ ብዙ ናችሁና በአጭሩ እንንገራችሁ። የተነቀለ ጥርስ ይሰበስባሉ፣ ያጸዱታል፣ እንዲቆምላቸው በፕላስቲክ ውስጥ ይተክሉታል፣ ከዚያም ማጣበቂያውን ቀብተው መሙያውን ያኖሩበታል። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ሥራዬ አለቀ ይላል፤ የእሳቸው ሥራ ግን ገና እዚህ ላይ ይጀምራል። የተሞላውን ጥርስ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያቆዩታል፣ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ፣ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ያመላልሱታል፣ በመጨረሻም ማሽን ላይ አስረው መሙያው እስኪሰበር ወይም ከጥርሱ እስኪላቀቅ ድረስ ይገፉታል። «አፍ ማለት ጎርፍና እሳት የሚፈራረቁበት ቤት ነው፤ እዚያ የሚኖር ነገር ደጅ ላይ ተፈትኖ ይግባ» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በዚሁ ማሽን ምክንያት ነው። ማሽኑ ቆሞባቸው ጠጋኝ ቢያስጠሩ፣ ሰውየው ፈታትተው ካዩት በኋላ «ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ እርስዎ ነዎት ያስመረሩት» አሏቸው። ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በማግኘታቸው ነው መሰለን፣ ዓመቱ ሳይዞር ተጋቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። ትዳራቸው በክርክር የተሞላ፣ ነገር ግን አንድም ቀን ኩርፊያ ያላደረበት ነበር።

አሁን ደግሞ ልንዘለው የማንችለው ነገር ላይ ደርሰናል። እህታችን ከተማሪዎቻቸው መካከል አንዱን እንደ ልጃቸው አቅርበው፣ ከማዕዳቸው አብልተው፣ የሚያውቁትን ሳይሰስቱ አስተማሩት። ኋላ ኋላ ለሁሉም አለቃ አንገቱን የሚደፋ ሆኖ ስላገኙት ለማዳው ይሉት ነበር፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። በዚህ ጽሑፍ ለኮሌጁ ሰዎች ሁሉ አንቱታ ሰጥተናል፤ ለእሱ ግን እጃችን አልታዘዘንም።

በዚያን ጊዜ ኮሌጁን የሚመሩት ዲን፣ በሚያምር ሣጥን የታሸገ አዲስ የጥርስ መሙያ አስመጥተው በኮሌጁ ሥር ላሉት ክሊኒኮች በሙሉ ለማከፋፈል ቸኮሉ። መሙያው በተሞላበት ቀን በደረቁ ሲፈተን እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነበር። እህታችን እንደ ልማዳቸው ውሃ ውስጥ አቆይተው፣ ሙቅና ቀዝቃዛ አፈራርቀው ሲፈትኑት ግን ከጥርሱ ላይ እንደ ቅርፊት ተነሣ። ዲኑም የደረቁ ውጤት ብቻ እንዲቀርብ አዘዙ። እህታችን በስብሰባው ቀን የተሞሉትን ጥርሶች በሳሕን ይዘው ገቡና ለተሰብሳቢው አዞሩ፤ መሙያውን በጥፍሩ ገፍቶ ያላነሣ ሰው አልነበረም። ዲኑ ሳቅ ብለው፣ «እትዬ፣ ሰው እኮ በማሽን አያኝክም» አሉ። እሳቸውም፣ «እውነትዎን ነው፤ ሰው ከማሽን ይብሳል፤ ትኩስ ጠጥቶ በረዶ ያስከትልበታል፣ ሲናደድ ጥርሱን ያፋጫል፣ ጠርሙስ በጥርሱ ይከፍታል። ማሽኔ ለሰው አድልቶ ነው» ብለው መለሱ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል ግን አንድም ሰው እጁን አንሥቶ እሳቸው ልክ ናቸው አላለም። ሳሕኑም ዞሮ ዞሮ ወደ እሳቸው ተመለሰ፣ ስብሰባውም ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።

ከዚያ በኋላ እህታችን ከቤተ ሙከራው ተነሥተው አሮጌ ወንበር የሚከማችበት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ተሰጣቸው፤ ማሽኑም አንሶላ ለብሶ ኮሪደር ላይ ቆመ። በቦታቸው የተሾመው ለማዳው ነው። መሙያው አስተማማኝ ነው ብሎ የፈረመውም እሱ ነው። እህታችን ሄደው «በገዛ ዓይንህ ሲነሣ አይተሃል እኮ» ቢሉት፣ «እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ» አላቸው። በዚህ ዓለም ላይ ለሚሠራ አሳፋሪ ነገር ሁሉ ልጆች ምክንያት መሆናቸው የሚያስገርም ነው፤ ልጆቹን ጠይቋቸው የሚያውቅ ግን የለም።

እህታችን ሥራቸውን ለቀው፣ አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛቸው በከፈቱት ትንሽ ክሊኒክ ጥርስ ማከም ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ በዚያ ባለሣጥኑ መሙያ የተሞላ ጥርስ እየወለቀ፣ ሥሩም እየመገለ ሰው በራቸውን ያጣብበው ገባ። ታማሚ ማባበል አያውቁበትም፤ «አፍህን ክፈት፣ ወሬውን በኋላ» የሚሉ ሐኪም ነበሩ። ይሁን እንጂ የሞሉት አይወልቅምና ሰዉ ቁጣቸውን ችሎ ይመጣ ነበር።

ከመጡት መካከል አንዷ የለማዳው እናት ነበሩ። መንጋጋቸው አብጦ፣ ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ተስቦ፣ እህል ከቀመሱ ሰንብተው ነበር። መሙያውን የሞላላቸው የገዛ ልጃቸው ነው። እህታችን መግሉን አውጥተው፣ የሚነቀለውን ነቅለው፣ የሚተርፈውን አትርፈው እስኪጨርሱ ድረስ ባለቤታቸው መብራት ይዘው አጠገባቸው ቆመው ነበርና የሆነውን ለቤተሰቡ የነገሩት እሳቸው ናቸው። አሮጊቷ መናገር ሲችሉ፣ «ልጄ ተጠንቅቆ ነበር እኮ የሞላልኝ፤ ምነው ወለቀ?» ብለው ጠየቁ። እህታችን ጀርባቸውን ሰጥተው እጃቸውን ሲታጠቡ ቆዩና፣ «ልጅዎ በደንብ ሠርቶታል እማማ፤ ክፉው ጥርስዎ ነው» አሏቸው። አሮጊቷም ልጃቸውን እየመረቁ ሄዱ።

ለአባታቸው፣ ለዲኑ፣ ለባላቸው፣ ለማንም ብለው እውነትን ሸርፈው የማያውቁት እህታችን መዋሸታቸውን የምናውቀው በዚያች ቀን ብቻ ነው። ያቺንም አንዲት ውሸት ያዋሏት ለማን እንደሆነ እየሰማችሁ ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ ለእናቱ ቁልጭ አድርገን እንነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን በጉዳዩ ለተቆጣው ታናሽ ወንድማቸው፣ «ሴትዮዋ ጥርሳቸውን አጥተዋል፤ ልጃቸውንም ልጨምርባቸው?» ብለው አፉን አስያዙት። እናቲቱ ካረፉ ቆይተዋልና ይህን ዛሬ መናገራችን ከአንድ ሰው በቀር ማንንም አያሳፍርም።

ኮሌጁ ያን መሙያ በዝምታ አስቀርቶ፣ ለምን እንዳስቀረው ሳይናገር፣ ይቅርታም ሳይጠይቅ ቆየና እህታችን ጡረታ ሲወጡ የመስታወት ሽልማት ላከላቸው። ሙያቸውን እንኳ አሳስቶ «ለተከበሩ የጥርስ ነቃይ» ብሎ ጽፎበታል። እህታችን አንብበው በጣም ሳቁ፤ ነፋስ የሚዘጋውን የማዕድ ቤታቸውን በርም አስደገፉበት።

በመጨረሻ ኩላሊታቸው ታምሞ ሆስፒታል ገቡ። እዚያም ተኝተው አላረፉም፤ መርፌውን ክንዳቸው ላይ የምታስረውን ነርስ «የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ቆዳውን አድርቂው እንጂ፤ እርጥብ ላይ የተለጠፈ ነገር መቼ ይይዛል» እያሉ ያስተምሯት ነበር። ለማዳው ሊጠይቃቸው መጥቶ በር ላይ ቆመ። እኛ ልንመልሰው ስንል አስገቡት ብለው አዘዙን። ገብቶ ስለ አየሩ መክበድ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ፣ ስለሚያስመጣው አዲስ ማሽን አወራ። እናቱን አላነሣም፤ እሳቸውም አላነሡበትም። ሊወጣ ሲል ብቻ፣ «አሁን ውሃ ውስጥ ታቆየዋለህ?» አሉት። «አዎን» አለ። «እንግዲያው ጥሩ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸው አምነውታል፤ እኛ ማመን አልቻልንም። በሳምንቱ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ያለ ብዙ ጣር አረፉ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ይህን የሚያነበውን ታናሽ ወንድማቸውን፣ ክሊኒካቸውን ያካፈሏቸውን ጓደኛቸውን፣ እንዲሁም ስማቸውን የማያውቅ፣ ግን ሳያመው የሚያኝክ ብዙ ሰው ትተው አልፈዋል።

ለደከመ ዕረፍትን የማይነሣ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥ። እሳቸው ይቅር ያሉትን ሰው እኛም ይቅር እንድንል ይርዳን ብለን ለመጸለይ ትናንት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተነጋግሮ ነበር፤ አልተስማማንም። ስለዚህ ያንን ጸሎት ዛሬ አናቀርብም።