ከድንበር ማዶ የሚመጣው ሶል

ጫማ ሰፊው ሽማግሌ ከቆዳ መደብር ሲወጡ ከእህታቸው ልጅ ጋር ድንገት ተገናኙ። ልጅቷ ስለ ንግድ ተምራ ጉምሩክ የምትሠራ ናት።

«ሰማሽ ልጄ? አገራችን ከጎረቤቶቿ ጋር ከነበራት ከቀረጥ ነፃ የንግድ ስምምነት ወጣች! እሰይ! የሰው አገር ጫማ ከእንግዲህ ገበያችንን አያጥለቀልቅም። እኔማ ደስ ብሎኝ ያለኝን ቆዳ በሙሉ በሶሌ ልክ ቆርጬ ጨረስኩ።»

ልጅቷ ክው አለች። «በሙሉ? ጋሼ፣ ሶሉ ከየት ነው የሚመጣልዎት?»

ሽማግሌው ግራ ቀኙን ቃኙ። በዚያ የጫማ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሶሉን ከየት እንደሚያመጣ ለጎረቤቱ የሚናገር ሰፊ የለም፤ ከአባት የተወረሰ ልማድ ነው። ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ እየገዛ ሁሉም ይደባበቃል፤ ጉድ እኮ ነው!

«ከድንበር ማዶ» አሉ በሹክሹክታ። ነገሩ የገባቸው ይህን ካሉ በኋላ ነው። ላብ አጠመቃቸው።

«አዎ ጋሼ። አሁን ሶሉም ቀረጥ ይከፈልበታል። ጫማዎን ማዶ ወስዶ የሚሸጠው ነጋዴም እዚያ ይከፍላል።»

«ጉዴ ፈላ! የተቆረጠ ቆዳ እኮ ለሌላ ሶል አይሆንም። ሥራው ከቆመ ሠራተኞቼን በምን አፌ ሂዱ ልበላቸው?»

«ከሌሎቹ ሰፊዎች ጋር አብረው ይዘዙ። በብዛት ሲገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ የመኪናውንም ኪራይ ትካፈላላችሁ። ደግሞም የጥሬ ዕቃ ቀረጥ ይነሳልን ብላችሁ በማኅበር አመልክቱ። የአንድን ሰው ማመልከቻ እኛ ቢሮ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።»

«ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ከዚያ ባላንጣዬ ጋር? ወዲያ! ምስጢሬን ላውጣለት?»

«ምስጢሩ ይበልጥብዎታል ወይስ ሠራተኞችዎ?»

ሽማግሌው ልጅቷን ተሰናበቱ። መንገዱን ተሻገሩና ለዓመታት ሰላም ያላሉት ባላንጣቸው በር ላይ ቆሙ።

«እኔ ሶሌን ከማዶ ነው የማመጣው» አሉት ያለ ሰላምታ።

ሰውየው መዶሻውን አስቀመጠ። ቢስቅባቸውስ? አልሳቀም። በርጩማ ሳበላቸውና፣ «እኔም ከዚያው ነው። የማዶው ደንበኛዬ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ትዕዛዙን ሰረዘብኝ። እንቅልፍ የለኝም፤ ይግቡ እባክዎ» አለ።

ብዙም ሳይቆይ የመንገዱ ሰፊዎች በሙሉ ማኅበር መሥርተው ማመልከቻ አስገቡ። ቀረጡ ገና አልተነሳም፤ ሽማግሌው ዜና በሰሙ ቁጥር ልባቸው ይደነግጣል። ሶሉ ግን በጋራ ተገዝቶ መጣ፤ ከድሮው ቢወደድም ለብቻ ከመግዛት ረከሰ። ከሽማግሌው ሠራተኞችም እስካሁን አንድም ሰው ከሥራ ወጥቶ ቤቱ አልተቀመጠም።