ከጨረታ የመጣ የፈረንሳይ ወይን

አውቶቡሱ ከደብረ ብርሃን ወደ ሞላሌ ያዘግማል። ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ያሉትን እናት ስለያዙት ባዶ ጠርሙስ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። ምን ነበረበት?»

«የፈረንሳይ ቀይ ወይን ነበረበት፣ ልጄ። አሁን ጠበል እቀዳበታለሁ። ባለቤቴ ከጨረታ ገዝቶት ነው።»

«ከየት ጨረታ?»

«አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን ባለቤቴ አሽከር ሆኖ ያገለገላቸው የጌታው ቤት ተወርሶ ዕቃው ሲሸጥ ነዋ። ብርድ ልብስ ግዛ ብዬ ብልከው፣ ከአንድ የመጠጥ ቤት ነጋዴ ጋር ተጫርቶ ይህን ይዞልኝ መጣ።»

«አልተቆጡም?»

«እንዴት አልቆጣ! የመንዝን ብርድ በጠርሙስ ልትመክተው ነው ወይ አልኩት። እሱ ግን፣ ‹ዕድሜዬን ሙሉ ለጌቶች ስቀዳ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልቀመስኩትም› አለኝ።»

«ታዲያ ጣፈጣቸው?»

«አንዴ ጎንጨት ሲል ፊቱ ጭምድድ አለ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።»

«ጎመዘዛቸዋ!»

«ጎመዘዘው። ቆይቶ፣ ‹ለካ ጌቶች ያን ፊት የሚያሳዩኝ ከወይኑ የተነሳ ኖሯል› አለኝ።»

«የምን ፊት?»

«ጌታው በተጎነጩ ቁጥር ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። እሱ ደግሞ ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ፣ ያን ሁሉ ዘመን እንደፈራ ቀዳላቸው።»

«አንድ ቀን እንኳ አልጠየቋቸውም?»

«ጌታ ይጠየቃል እንዴ፣ ልጄ?»

እኔ ከኋላቸው እንደተቀመጥኩ፣ የእኔንስ የተጨማደደ ፊት አይቶ ማን ፈርቶ ይሆን ብዬ፣ ግንባሬን በእጄ ዳሰስኩ።