ከመተማ የታረመው ዜና

ባለፈው ክረምት፣ የቀኑ ሰባት ሰዓት የሬዲዮ ዜና ሊነበብ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ መተማ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጎንደር ቢሯችን ኮምፒውተር ላይ ያለ ዜና አረምኩ። ዜናው «የቀን ሠራተኞች ጭኖ ወደ ገለጉ የሄደው መኪና ወንዝ ከሞላ ወዲህ የት እንደደረሰ አልታወቀም» ይላል። የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ የዝና፣ ወንድሟ እዚያ መኪና ላይ ነው፤ አሁን ደውሎ ሁሉም በሰላም መሻገራቸውን ነግሯታል።

«እናቴ ያለችበት ቀበሌ ስልክ አይሠራም፤ ሬዲዮዋን ግን አትዘጋም። ጠፋ ሲባል ከሰማች ትሞትብኛለች» አለችኝ።

ዜና አንባቢዋ ስቱዲዮ ገብታ ስልኳን ዘግታለች። ላፕቶፔን ከፈትኩና በጽሑፍ ማረሚያው ፕሮግራም በኩል ወደ ቢሮው የጋራ ፎልደር ገብቼ፣ አንባቢዋ ስቱዲዮ ውስጥ ከስክሪን የምታነበውን ፋይል ከፈትኩ።

«ምነው አንተ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ የጎንደርን ወረቀት ልትሰርዝ?» አለች የዝና።

«ወረቀቱ ጎንደር፣ እስክሪብቶው እዚህ።»

«ይሁና! ብቻ እጅህ ይፍጠን።»

«ሁሉም በሰላም ተሻግረዋል» ብዬ ጻፍኩና ሴቭ አደረግሁ። ወዲያው በሻይ ቤቱ ሬዲዮ አንባቢዋ ሳቅ ባዘለ ድምፅ «ተሳፋሪዎቹ ከነሹፌራቸው በሰላም ተሻግረዋል» አለች። ቃሌን ትንሽ አሳምራዋለች፤ ቅር አላለኝም። የዝና እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሻይ የሚጠጡት የሰሊጥ ጫኞች አጨበጨቡልኝ።

ጎንደር ስመለስ ፋይሉን ከፈትኩት። «አልታወቀም» እንዳለ ነው። ሴቭ ሳደርግ ኔትወርኩ ተቋርጦ፣ የጻፍኩት የራሴው ስክሪን ላይ ብቻ ቀርቶ ኖሯል። አንባቢዋን ጠየቅኋት። የመኪናው ሹፌር ባሏ ነው፤ ስቱዲዮ ልትገባ ስትል ደውሎላታል።