ያልተቆረጠው እጅጌ

ዝናብ አባሮኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሱቅ ዘው ስል፣ ሽማግሌው መቀስ ጨብጠው፣ የእህታቸው ልጅ ደግሞ አዲስ የጁዶ ልብስ ደረቷ ላይ አቅፋ ተፋጠው አገኘኋቸው።

«መምህር፣ በሰዓቱ ደረሱ፤ ይፍረዱን!» አሉኝ። «ነገ የማጣሪያ ግጥሚያ አለባት። እጅጌው ረዝሟል፣ ልቁረጠው ብላት እምቢ አለች። አርባ ዓመት የሰፋሁ ሰው ነኝ እኮ!»

«ጋሼ፣ አውቄ ነው ሰፋ ያለውን የመረጥኩት» አለች ልጅቱ በትሕትና። «ጥጥ ስለሆነ ሲታጠብ ያጥራል። እጅጌው አንጓዬ ድረስ ካልመጣ ዳኛው አያጋጥመኝም።»

«እኔ የሰፋሁልሽስ ምን ጎደለው? ስስ፣ በልክሽ የተቆረጠ! በፈላ ውሃና በበረኪና አጥቤ፣ በካውያ ተኩሼ...»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «ባለፈው ተሸነፍኩ ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ተጋጣሚዬ ኮሌታዬን ስትይዘኝ እርስዎ የሰፉልኝ ልብስ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተተረተረ። ቅያሪ ስላልነበረኝ ከውድድሩ ወጣሁ። እንዳይከፋዎት ብዬ ደበቅኩዎት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጎረቤቴ ሞኝ አይደሉም፤ መቀሱን ግን አልለቀቁም።

«እስቲ ልበሽው» አሉ በመጨረሻ።

ለበሰችው። መቀሱን አስቀመጡና ጨርቅ ሲገዙ እንደሚያደርጉት በአውራ ጣቶቻቸው ሊቀድዱት ሞከሩ፤ አልበገር አላቸው። ኮሌታውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተንጠለጠሉበት። ልጅቱ ጸንታ ቆመች፤ ከስፌቱ አንዲት ክር አልተነቀነቀችም። ስንቱን ጣቃ ሲገነጥል የኖረ እጅ ተሸነፈ።

ውስጡን ገልበጥ አድርገው አዩት። «ትከሻው ድርብ፣ ጉልበቱ ድርብ፣ ኮሌታው ላይ መርፌው ስንቴ ተመላልሷል! ማነው የሰፋው? እጁን በሳምኩት!» መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «እንዴት ነው የሚታጠበው?»

«ላቡ ሳያድርበት፣ በቀዝቃዛ ውሃ። የሚሰጣው ጥላ ላይ ነው። በረኪና ክሩን ይበላዋል።»

«እኔ ታዲያ ሳጥብልሽ ሳይሆን ሳስበላልሽ ነዋ የኖርኩት!»

በማግስቱ የውድድሩ አዳራሽ ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተጋጣሚዋ ትከሻዋን ጨምድዳ ስትወዘውዛት ሽማግሌው ዓይናቸውን ከስፌቱ አልነቀሉም። ልጅቱ ድንገት ዞር ብላ ተጋጣሚዋን በጀርባዋ ዘረጋቻት። አዳራሹ ሲናወጥ እሳቸው «ያዘ! ስፌቱ ያዘ!» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ማን እንዳሸነፈ የጠየቁኝ ኋላ ነው።

ያ ልብስ ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ አጣቢው ራሳቸው ናቸው። ለደንበኞቻቸውም «ንጣቱን ሳይሆን ጥንካሬውን እዩ፤ ለሚያጥረው ተርፎ ይገዛ፣ ከፈላ ውሃ ይራቅ» ይላሉ። የተተረተረውን ስስ ልብስ ከልጅቱ ተቀብለው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል። ምንድነው ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ሳላውቅ የሰፋሁት ነው» ብለው ይመልሳሉ።

የአዲሱ ልብስ እጅጌ ታጥቦ ታጥቦ አጥሯል። አሁን ልክ አንጓዋ ላይ ነው።