ከሰዓቱ ውስጥ የተጫረ ቀን

(ፒያሳ፣ ረፋድ ላይ፤ በሰዓት ጠጋኙ በአቶ ውብሸት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ወይዘሮ የሺመቤት ከሟች ባላቸው የጦር መርከብ ወጣ የተባለውን የነሐስ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል።)

የሺመቤት፦ ታዲያ አንዲት መስመር መጻፍ ምን ያስጨንቅዎታል? «ይህ ሰዓት ከመርከቧ የወጣው በ1982 ነው» ይበሉና ይፈርሙ፤ አለቀ።

ውብሸት፦ እመቤቴ፣ እኔ ሰዓት ጠጋኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም። ሳልከፍተው ምን ብዬ ልፈርም?

የሺመቤት፦ የባሕርተኞቹ ማኅበር ለሞቱት ጓደኞቻቸው መታሰቢያ ክፍል አዘጋጅቷል። ይህን ሰዓት ከባለቤቴ ከአጥናፉ ፎቶ ሥር ሊሰቅሉት ነው። አዋቂ ያረጋግጥልን አሉ፤ ይኸው መጣሁ።

ውብሸት፦ የመርከብ መሆኑንማ ሳልከፍተውም እነግርዎታለሁ። ጠርዙን ይዩት፣ ዙሪያውን የብሎን ቀዳዳ ነው። ማዕበል እንዳይጥለው ከግድግዳው ጋር ይታሰራል። ፔንዱለምም የለው፤ በሚናወጥ መርከብ ላይ ፔንዱለም ምን ይሠራል?

የሺመቤት፦ እነዚህ ቀይና አረንጓዴ ቀለሞችስ? ልጆቼ ጌጥ ነው ይላሉ።

ውብሸት፦ ምን ጌጥ አለው፤ የራዲዮ ክፍል ሰዓት ነው እንጂ። የደቂቃ ቆጣሪው ቀዩ ላይ ሲደርስ የየመርከቡ ራዲዮ ሠራተኛ ሁሉ ለሦስት ደቂቃ ዝም ይላል፤ «ድረሱልኝ» የሚል ካለ እንዲሰማ። አረንጓዴው በእንዲህ ያሉ ሰዓቶች ላይ የተጨመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ የተሠራው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሺመቤት፦ አጥናፉም ራዲዮ ላይ ነበር። ለፈቃድ ሲመጣ እንኳ እያወራ ድንገት ዝም ይል ነበር። እኔ ሞኟ አኮረፈኝ እያልኩ ስንቴ አልቅሻለሁ። በቃ ይጻፉልኝ።

ውብሸት፦ የተሠራበትን ዘመን ልጻፍ። ከመርከቧ መቼ ወጣ ለሚለው ግን ሆዱን ማየት አለብኝ። ለመሆኑ ማን ነው ያመጣልዎት?

የሺመቤት፦ የማላውቀው ሰው፣ በ1986። መርከቧ ምጽዋ ላይ በ1982 ስትቃጠል አጥናፉ «ለሚስቴ አድርስልኝ» ብሎ እንደሰጠው፣ እሱ ግን እዚያው እንደቀረ ነገረኝ። ሞቱንማ ቀድሜ ሰምቼ፣ ተዝካሩንም አውጥቼ ነበር።

ውብሸት፦ ከእሳት የወጣ ሰዓት አንዲት የጭስ ጠባሳ የለውም። ሰውዬውስ አራት ዓመት ሙሉ የት አስቀመጠው? አልጠየቁትም?

የሺመቤት፦ አልጠየቅሁትም።

ውብሸት፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

የሺመቤት፦ አቶ ውብሸት፣ እኔ በ1984 በላቸውን አግብቼ ቆርቤአለሁ። ባሏ በሕይወት እያለ ከሌላ ጋር የቆረበች ሴት ምን እንደምትባል ያውቃሉ። ጠይቄ ምን ልሁን? ሦስት ልጅ ወልጄ፣ በላቸውንም አምና ቀበርኩ። እንግዲህ ይክፈቱት።

ውብሸት፦ ይኸው ተከፈተ። እኛ ጠጋኞች አንድ ልማድ አለን። የጠገንነውን ሰዓት ባለቤቱ በማያየው ቦታ፣ ከውስጥ በኩል፣ ስማችንንና ቀኑን በመርፌ እንጭራለን። ቀጥሎ የሚከፍተው ጠጋኝ እንዲያውቀው ነው።

የሺመቤት፦ ምን ይላል?

ውብሸት፦ ይቅርብዎት፣ እመቤቴ። ማኅበሩ ፎቶውን ያለ ሰዓቱም ይሰቅላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

የሺመቤት፦ ምን ይላል ነው የምልዎት።

ውብሸት፦ «ው. ገ.፣ ታኅሣሥ 1985»።

የሺመቤት፦ ው. ገ. ማን ነው?

ውብሸት፦ እኔ ነኝ።

የሺመቤት፦ ማን አምጥቶልዎት ነው?

ውብሸት፦ ቀኝ እጁ የተቃጠለ ሰው፤ ጭረቴን ሳይ ነው ትዝ ያለኝ። ጥላሸቱን ጠረግሁለት፤ ሰዓቱን መሙላት አቅቶት እኔ ሞላሁለት። ከየመን እንደመጣ፣ ሚስቱ ጉለሌ እንዳለች፣ ሰዓቱ እየሠራ ይዞላት መግባት እንደሚፈልግ ሲያጫውተኝ ዋለ። እንደዚያ ደስ ያለው ደንበኛ አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ሰዓቱን እንደታቀፈ ተመለሰ።

የሺመቤት፦ ከቤቴ ደርሶ ነበር?

ውብሸት፦ እስከ በሩ። ልጅ አዝለው ልብስ ሲያሰጡ አይቶዎታል። ጎረቤት ቢጠይቅ መቁረብዎን ነገሩት። እኔም ሽማግሌ ላክባት አልኩት። «እኔ በሕይወት ከተገኘሁ እሷ ከቤተ ክርስቲያን ትወጣለች። ሞቼ ብቀር ይሻላታል» አለኝ። ሚስቱ እርስዎ መሆንዎን ገና አሁን አወቅሁ።

የሺመቤት፦ ባየው እኮ፣ እግዜር ያውቃል፣ ልጄን እንዳዘልኩ ነበር የምሮጥለት።

ውብሸት፦ እሱም የፈራው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

የሺመቤት፦ ከዚያስ ወዴት ሄደ?

ውብሸት፦ ወደ መጣበት፣ ሰዓቱን እንደያዘ፤ በዚያ ሰውዬ እጅ የላከልዎት በኋላ ነው ማለት ነው። ይኑር ይሙት አላውቅም። ይስሙኝ፤ ይህችን ጭረት በሁለት ደቂቃ አጠፋታለሁ፣ 1982 ብዬም እፈርማለሁ። ቁርባንዎም የልጆችዎም ክብር እንዳለ ይቀመጣል። እሱም የለመነው ይህንኑ ነው።

የሺመቤት፦ እጅዎን ያንሱ። «በ1985 አጥናፉ ራሱ አምጥቶልኝ ነበር» ብለው ይጻፉ፣ ሁለት ቅጂ።

ውብሸት፦ ሁለት ለምን?

የሺመቤት፦ አንዱ ለማኅበሩ፣ ስሙን ከሙታኑ መሐል እንዲያወጡት። አንዱ ለንስሐ አባቴ፣ የሚሉኝን ይበሉኝ። እሱ ለኔ ብሎ ሞተ፤ እኔ ግን ሞቱን ሳልሰማ ሁለተኛ አልቀብረውም።