ወይዘሮ ቤረል ካሎዌይ እና ያልተቀረጸው ክፍል

ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን የምንሸኛቸው ወይዘሮ ቤረል ካሎዌይ፣ በባሕር ኃይል የሬዲዮ ሠራተኛ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ሲሪል ካሎዌይ እና አዋላጅ ነርስ ከነበሩት ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤድና ፕሩይት እ.ኤ.አ. በ1949 በወደብ ከተማዋ በታውንስቪል ተወለዱ።

ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ አጠናቀው፣ በአካባቢው ጋዜጣ ላይ የመርከቦችን መግቢያና መውጫ ሰዓት በመጻፍ ሥራ ጀመሩ፤ የመርከብ መካኒኩን አቶ ኢያን ሎክን አግብተውም ሬናን እና ክላይቭን ወለዱ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ፕሮዲዩሰሩ አቶ ኖርማን ዴዊት፣ ከጋዜጣ ውጪ አንድም ነገር ጽፈው የማያውቁትን ወይዘሮ ቤረልን አምነው፣ ስለ አንዲት የጥበቃ መርከብ ለሚተርከው «የሰሜን ዘብ» ለተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲ አድርገው ቀጠሯቸው፤ ሁለቱም ለስድስት ዓመታት በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠሩ።

በሰባተኛው ዓመት፣ በድራማው ውስጥ መንግሥት በጀልባ የሚመጡ ስደተኞች ወደ መጡበት እንዲመለሱ መመሪያ ሲያወጣ፣ የመርከቧ ምክትል አዛዥ ምን ታደርጋለች በሚለው ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። አቶ ኖርማን መመሪያውን በምስጢር ለጋዜጠኞች አሳልፋ ሰጥታ እንድትባረር ፈለጉ፤ ወይዘሮ ቤረል ግን ትእዛዙን እንደማትፈጽም ለአዛዡ በግልጽ ተናግራ፣ ቅጣቷን በሥራዋ ላይ ሆና እንድትጠብቅ አድርገው ጻፉ።

ተዋንያኑ በተሰበሰቡበት አቶ ኖርማን «ከጋዜጣ ቤት ያወጣሁሽ እኔ ነኝ። አሁን የምትቆሚው ለማን ነው?» ሲሏቸው፣ «ላንተ ነዋ። ለሌላ ብቆም ኖሮ ዝም ብዬ ያልከኝን እጽፍልህ ነበር» ብለው መለሱ።

ክፍሉ በአቶ ኖርማን ሐሳብ ተቀረጸ። ወይዘሮ ቤረል ስማቸው እንዳይጻፍበት ጠይቀው ለቀቁ፤ ጋዜጠኞች ደጋግመው ቢደውሉላቸውም ስለ ቀድሞ አለቃቸው አንዲት ክፉ ቃል ሳይወጣቸው፣ ቀሪውን የሥራ ዘመናቸውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ድርሰት በማስተማር አሳለፉ። ሁለቱ ለሃያ ሁለት ዓመታት አልተነጋገሩም፤ ሆኖም ወይዘሮ ቤረል ስልክ በጮኸ ቁጥር «እሱ ይሆን?» ይሉ እንደነበር ለልጃቸው ለሬና ነግረዋታል።

ወይዘሮ ቤረል የሳንባ ሕመም ሲጸናባቸው፣ አቶ ኖርማን ያን ያልተቀረጸውን የእሳቸውን ጽሑፍ ይዘው፣ በምርኩዝ ተደግፈው ወደ ቤታቸው መጡ።

«ደግሜ አነበብኩት። አሁንም አልስማማም» አሉ ገና ከበሩ ላይ።

«እንግዲያው ግባና ተከራከር» አሏቸው ወይዘሮ ቤረል።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ሲከራከሩ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ወይዘሮ ቤረልም ባለፈው ቅዳሜ፣ በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው አቶ ኢያን፣ ልጆቻቸው ሬናና ክላይቭ፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም «ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ስሜ ግን ከቤተሰቡ ጋር ይነበብልኝ» ብለው የለመኑን አቶ ኖርማን ዴዊት በሐዘን ቀርተዋል። ፈጣሪ የወይዘሮ ቤረልን ነፍስ በሰላም ማደሪያው ይቀበልልን፤ ለእነዚህም ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።